ስለ ሕብለ ሰረሰር ጉዳትና ለምርምሩ ስለሚሰጠው ርዳታ

(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። መፃጉዕ ማለት ሕመምተኛ፣ ይልቁንም ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎት ከአልጋ የዋለ ሰው ማለት ነው። የዚያ ሰንበት ወንጌል የሚናገርለት ሰው ሠላሳ ስምንት ዓመት ታምሞ በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ ነበር። ታሪኩን ስንሰማ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ መሄዱን ነው። እኔ ግን ከጥቂት ወራት በፊት በሥራ ምክንያት ወደ ዋግ ኽምራ ሄጄ ከተመለስሁ ወዲህ በልቡናዬ የሚመላለሰው ሌላው ነገር ነው፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ሰውየው ወደ ውስጥ የሚያወርደው ሰው ማጣቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለራዲዮ ዝግጅት የሚሆን ድምፅ ለመቅዳት ከሰቆጣ ተነሥተን ወደ ፃግብጂ ወረዳ ስንሄድ፣ መኪና ከሚደርስበት ቦታ ወዲያ ባለው ቁልቁለት ስድስት ጎልማሶች አንድ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው ሲመጡ አገኘናቸው። ከኋላቸውም ሌሎች እየተከተሉ ትከሻ ይለዋወጡ ነበር። በቃሬዛው ላይ የተኛው ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ወጣት ነው። የዋግ ማር በአገሩ ሁሉ የታወቀ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ይህም ወጣት ቀፎ ሊሰቅል ከዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ከነቀፎው ወደቀ። ደም አልፈሰሰውም፤ ቁስልም አልታየበትም። ስለዚህ የደረሱለት ጎረቤቶቹ ድንጋጤ ነው ብለው በብብቱ ገብተው አስቀመጡት፤ ውኃ አጠጡት፤ ጥቂት ቆይተውም ደግፈው ሊያቆሙት ሞከሩ። ከእምብርቱ በታች ያለው ሰውነቱ ግን ከእርሱ ተለይቶ ነበር። በመኪናችን አሳፍረን ወደ ሰቆጣ ስንመልሰው መላልሶ የጠየቀን፣ እግሮቹ ተቆልምመው እንደ ሆነና እንደ ተዘረጉ ብቻ ነው። ዓይኑን ወደ ታች መላክ ስላልቻለ እኛ አይተን እንድንነግረው ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ይህንኑ በሻይ ሰዓት ለባልደረቦቼ ባጫውታቸው፣ ከመካከላቸው በሒሳብ ክፍል የሚሠራና ለተቸገረ ሰው ከሁላችንም ፈጥኖ ኪሱን የሚፈታ አንድ ወዳጄ፣ «ለልጁ ተሽከርካሪ ወንበር እንግዛለት ካላችሁ ዛሬውኑ አዋጣለሁ፤ ስለ ጀርባ ገመድ ለሚመራመሩ ሰዎች ገንዘብ ይሰጥ ስትለኝ ግን አይገባኝም። የማይድን ነገር መሆኑን ሐኪሞቹ ራሳቸው ይናገሩ የለምን? በማይድን ነገር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይባላል?» አለኝ። ጥያቄው እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። የዛሬውም ንግግሬ ለእርሱ መልስ ለመፈለግ የተዘጋጀ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ስለዚህ አንብቤና ዐዋቂዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን ብቻ አቀርብላችኋለሁ።

ሕብለ ሰረሰር የሚባለው ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በጀርባ አጥንታችን ቦይ ውስጥ የሚወርድ፣ ውፍረቱ እንደ ትንሿ ጣት፣ ርዝመቱም በጎልማሳ ሰው ወደ 45 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ለስላሳ ገመድ ነው። ሐብል የሚለው የግእዝ ቃል ገመድ ማለት ስለ ሆነ ስሙ ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል። ከዚህ ገመድ 31 ጥንድ ነርቮች ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየወጡ ወደ እጅ፣ ወደ ደረት፣ ወደ ሆድና ወደ እግር ይሠራጫሉ። ከአንድ ትልቅ የቴሌፎን መሥመር ጋራ ብናመሳስለው አንሳሳትም። «እግርህን አንሣ» የሚለው ትእዛዝ ከአንጎል በዚህ መሥመር ይወርዳል፤ «እሾህ ወጋኝ» የሚለውም መልእክት በዚሁ መሥመር ይወጣል። ገመዱን ከጉዳት የሚጠብቁት የአከርካሪ አንጓዎች ናቸው፤ በአንገት 7፣ በደረት 12፣ በወገብ 5 ሲሆኑ፣ ከዚያ በታች ያሉት እርስ በርሳቸው የተጋጠሙ ናቸው። እንግዲህ አንጓው ሲሰበር ወይም ከቦታው ሲናጋ፣ ጠባቂ የነበረው አጥንት ራሱ ገመዱን ይጨፈልቀዋል።

ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ የሰውየውን ዕድል ይወስናል። ደረት ላይ ከሆነ እግሮቹ ይሰንፋሉ፤ እጆቹ ግን ይሠራሉ። አንገት ላይ ከሆነ እጅም እግርም ይያዛል፤ ከዚያም ወደ ላይ ወደ ራስ ቅል ከተጠጋ ለመተንፈስ የሚያስችለው ነርቭ ስለሚቋረጥ ሰውየው ወዲያው ርዳታ ካላገኘ እዚያው ይሞታል። ሽባነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መራመድ አለመቻልን ብቻ ነው፤ ይህ ግን የችግሩ ሙሉ መልክ አይደለም። የሽንት ፊኛውም ትእዛዝ አይሰማም። አንጀቱም እንዲሁ ነው። ቆዳው ሕመም ስለማይሰማው ሰውየው በአንድ ጎኑ ለረጅም ጊዜ ሲተኛ አጥንቱ ሥጋውን ከሥር እየተጫነ ደም ይከለክለዋል፤ ቁስል ይወጣል፤ ቁስሉም ይመግላል። እኛ ጤነኞቹ በእንቅልፍ ልባችን ሳይቀር የምንገላበጠው ሰውነታችን ስለሚቆረቁረን ነው። እርሱ ግን የሚቆረቁረው የለም። በድሮ ጊዜ እነዚህን ሰዎች ይገድላቸው የነበረው በአብዛኛው የአጥንቱ ስብራት ሳይሆን ይህ የመኝታ ቁስልና ከሽንት ፊኛ ተነሥቶ ወደ ኩላሊት የሚወጣው መመረዝ ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልናገር ማለፍ አልወድም። ገመዱ የሚጎዳው በወደቀበት ቅጽበት ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት እብጠት ይመጣል፤ ደም ያጥረዋል፤ በመጀመሪያው ምት የተረፈው ሥጋ ቀስ በቀስ ይሞታል። በዚህ ጊዜ የተናጋውን አንጓ የሚያንቀሳቅስ ሰው በከፊል የተረፈውን መሥመር ሊቆርጠው ይችላል። ስለዚህ ከዛፍ፣ ከገደል፣ ከፎቅ ወይም ከመኪና የወደቀና «እግሬን አልሰማውም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አታስቀምጡት፤ አታቁሙት፤ በብብትና በእግር ይዛችሁም አታንጠልጥሉት። ራሱን፣ አንገቱንና ወገቡን በአንድ መሥመር አድርጋችሁ፣ ብዙ ሆናችሁ እንደ ግንድ በአንድነት አንሡትና ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አጋድሙት፤ ሳንቃ ከታጣ የበር መዝጊያም ቢነቀል ይሆናል። በፃግብጂ ያየናቸው ሰዎች ያደረጉትን ሁሉ በፍቅር አድርገውታል። ያላገኙት ይህን የሚነግራቸው ሰው ነው፤ እኛም የራዲዮ ሠራተኞች ከዚያ ቀን በፊት ይህንን አልነገርናቸውም።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። «የማይድን ነው» የሚለው ቃል ዕድሜው ረጅም ነው። ከ3,500 ዓመት በላይ ያስቈጠረና በግብጽ አገር የተገኘ አንድ የሐኪም ጽሑፍ፣ የአንገት አንጓው ተናግቶ እጅና እግሩን የማያውቅ ሰው ቢመጣ ሕክምና የማይደረግለት ሕመም መሆኑን ለሐኪሙ ይመክራል። ይህም ምክር ብዙ ሳይለወጥ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ደረሰ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሕብለ ሰረሰራቸው የተመታ ወታደሮች አብዛኞቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያልቁ ነበር። ሐኪሙም የሚያደርገው ሕመሙን ማስታገስና መጠበቅ ብቻ ነበር።

ይህን የለወጠው ምን እንደ ሆነ ስነግራችሁ ምናልባት ቀላል ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። በ1930ዎቹ (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፤ የውጭ አገሩን ታሪክ ሁሉ በዚሁ እናገራለሁ) በአሜሪካ አገር በቦስተን ዶክተር ዶናልድ መንሮ የሚባሉ ሐኪም እንዲህ ያሉትን በሽተኞች በሥርዓት መንከባከብ ጀመሩ። ከዚያም ከናዚዎች ሸሽተው በ1939 ወደ እንግሊዝ አገር የገቡት አይሁዳዊው ሐኪም ዶክተር ሉድቪክ ጉትማን በ1944 የካቲት ወር መጀመሪያ በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል አንድ ክፍል ከፈቱ። ደንባቸው በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ፣ ፊኛው በንጽሕና እንዲጠጣለት፣ ክንዱና ደረቱ እንዲጠነክር፣ እጁም ሥራ እንዳይፈታ ነበር። ሌሊት ሌሊት ራሳቸው እየዞሩ መገላበጡን ይቈጣጠሩ ነበር ይባላል። ሞት ይጠባበቁ የነበሩት ሰዎች መኖር ጀመሩ። ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 የቀድሞ ወታደሮች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በሆስፒታሉ ግቢ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ቀስት በመወርወር ተወዳደሩ።

አንባብያን ሆይ፤ ይህ ታሪክ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ብቻ ቆይቶ በዚያችው ከተማ ከ23 አገሮች የመጡ አራት መቶ ያህል ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ለውድድር መሰብሰባቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ጨዋታ መጀመሪያው ሆኖ የሚቈጠረው ያ ነው። የሮማ ሕዝብ በአንድ ወር ውስጥ የዓለሙን ፈጣን እግርና የማይንቀሳቀሱትን እግሮች አንድ ላይ አየ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሌሊት፣ ያ ፈጣን እግር ቆመ። ሻምበል አበበ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ አንገቱ ላይ ጉዳት ደረሰበት። መጀመሪያ በክብር ዘበኛ ሆስፒታል ታከመ፤ በሳምንቱም ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደዚያው ወደ ስቶክ ማንዴቪል ተላከ። ሲደርስ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ስምንት ወር ታክሞ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በ1962 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በዚያው በእንግሊዝ በተደረገው የተሽከርካሪ ወንበር ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በሚቀጥለውም ዓመት እንደ እንግዳ ተጋብዞ ወደ ኖርዌይ አገር ሄዶ፣ በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ በተደረገው እሽቅድምድም አሥራ ስድስት ተወዳዳሪዎችን ቀድሞ ገባ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመቱ ከአደጋው ጋራ በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ ዐረፈ።

ወዳጄ እዚህ ላይ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ሻምበል አበበ አልዳነም። ነገር ግን አራት ዓመት ተኩል ኖረ፤ እጆቹን አገኘ፤ ባንዲራውን ይዞ እንደ ገና ተወዳደረ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይገኝም ነበር። በመካከሉ የተጨመረው የአንዳንድ ሰዎች ምርምር ነው። ምርምር ሲባል ነጭ ካፖርት ለብሶ በብርሌ ውስጥ የሚቀመመውን ብቻ ካሰብን እንሳሳታለን፤ «ሰው በስንት ሰዓት ቢገላበጥ አይቈስልም?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መዝግቦ መያዝም ምርምር ነው።

ወደ ገመዱ ራሱ እንግባ። የክንድ ወይም የእግር ነርቭ ሲቆረጥ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ሊመለስ ይችላል። የሕብለ ሰረሰር ጭራዎች ግን ጥቂት ይሞክሩና ያቆማሉ። ታላቁ የስፔን ሊቅ ሳንትያጎ ራሞን ኢ ካኻል ይህን በማጉያ መነጽር አይተው በ1928 በእንግሊዝኛ በታተመው መጽሐፋቸው በጐልማሳ ሰው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ የነርቭ መንገድ እንደማይታደስ አስረድተዋል፤ ይህንኑ አስቸጋሪ ዐዋጅ የሚሽር የወደፊት ዕውቀት ሊኖር እንደሚችልም አልሸሸጉም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ1981 በካናዳ አገር በሞንትሪያል ዶክተር አልበርት አጉዋዮና ባልደረባቸው ከአይጥ እግር የተወሰደ ነርቭ በሕብለ ሰረሰሯ ላይ እንደ ድልድይ ቢያያይዙት፣ የማይበቅሉ ይባሉ የነበሩት ጭራዎች በድልድዩ ውስጥ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል አደጉ። እንግዲህ ዘሩ መካን አልነበረም፤ የከለከለው መሬቱ ነው። በስዊስ አገር በዙሪክ ፕሮፌሰር ማርቲን ሽዋብ ከሚከለክሉት ነገሮች አንዱን ለይተው አገኙ፤ በ2000ም ኖጎ የሚል ስም ተሰጠው። የእንግሊዝኛው ቃል «አትሂድ» እንደ ማለት ነው።

ይህን ከልካይ የሚይዝ መድኃኒት በሰው ላይ ተሞክሮ ውጤቱ የታወቀው በቅርብ ጊዜ ነው። እውነቱን መደበቅ አይገባም፤ በጠቅላላው ሲታይ የተጠበቀውን አላስገኘም። ገመዳቸው ጨርሶ ባልተቋረጠባቸው በሽተኞች ላይ ግን እንደ ገና እንዲሞከር የሚያበረታታ ምልክት ታይቷል። በሌላ በኩል በ2011 በአሜሪካ አገር በሉዊቪል፣ በ2018ም በስዊስ አገር በሎዛን፣ ከጉዳቱ በታች ያለውን የሕብለ ሰረሰር ክፍል በቀጭን የኤሌክትሪክ ኃይል በመቀስቀስ አንዳንድ ሰዎች መቆም፣ ሌሎችም ከብዙ ልምምድ ጋራ በድጋፍ መራመድ ችለዋል። በ2024ም መጨረሻ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ በአንገት ቆዳ ላይ ተለጥፎ ለእጅ ጉልበት የሚሰጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለሕክምና እንዲውል ፈቀደ። መራመድ ቀርቶ ማንኪያ መያዝ መቻል ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቀው በሌላ ሰው እጅ የጎረሰ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የከፈለው ማን ነው? መንግሥታት ከፍለዋል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ከፍለዋል። ነገር ግን የመድኃኒት ነጋዴዎች ትርፍ አይታያቸውም በነበረበት ጊዜ ብዙውን ያንቀሳቀሱት የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ናቸው። የካናዳው ሪክ ሀንሰን በአሥራ አምስት ዓመቱ በመኪና አደጋ ወገቡ ተሰብሮ ነበር፤ ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር በ34 አገሮች ከ40,000 ኪሎ ሜትር በላይ በክንዱ እየገፋ ተጕዞ 26 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር አሰባሰበ። የፊልም ተዋናይ የነበረው ክሪስቶፈር ሪቭ በ1995 ከፈረስ ወድቆ ከአንገቱ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ እስከሞተበት እስከ 2004 ድረስ ለምርምሩ ገንዘብ ሲለምን ኖሯል፤ የሉዊቪሉንም ሥራ ከረዱት አንዱ በስሙ የሚጠራው ድርጅት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበን ግን የሚከተለው ነው። በ2004 በኦስትሪያ አገር ዊንግስ ፎር ላይፍ የተባለ ለሕብለ ሰረሰር ምርምር ብቻ የቆመ ድርጅት ተመሠረተ። ከ2014 ጀምሮም በብዙ አገሮች በአንድ ሰዓት የሚነሣ ሩጫ ያደርጋል። ሯጮቹ ከተነሡ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አንዲት መኪና ትከተላቸዋለች፤ የደረሰችበት ሰው ከውድድሩ ይወጣል፤ መጨረሻ የተያዘው ያሸንፋል። የመመዝገቢያው ገንዘብ ሳይጐድል ለምርምር ይውላል። ሚያዝያ 26 ቀን 2006 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ሩጫ መኪናዋ ከዓለሙ ሁሉ መጨረሻ የያዘችው ማንን ይመስላችኋል? ጥገኝነት ጠይቆ በኦስትሪያ ይኖር የነበረውን ኢትዮጵያዊ ለማወርቅ ከተማን ነው። 78 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሮጦ ነበር። በሚቀጥለውም ዓመት እንደ ገና አንደኛ ሆነ፤ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ተጠጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ያንኑ ሩጫ ከዓለሙ ሁሉ ያሸነፈው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ የስዊድን ሰው ነበር። በሰው አገር ማደሪያ የሚፈልግ ወገናችን ስለማያውቃቸው ሽባዎች ሲሮጥ፣ እኛ በአገራችን ተቀምጠን «ምን አገባን» ማለታችን ለእኔ አይዋጥልኝም።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ፣ «የዙሪክ መድኃኒት ፃግብጂ እስኪደርስ ያ ልጅ ይኖራልን?» እንደሚል ዐውቃለሁ። እውነት አለው። የዓለም የጤና ድርጅት ከሕብለ ሰረሰር ጉዳት ጋራ የሚኖሩት ሰዎች ከ15 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ይገልጻል፤ ደሃ አገር ውስጥ የሚኖረው ጉዳተኛ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። በእኛ አገር የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞችን ለማፍራት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ገደማ በኖርዌይ አገር በበርገን ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ርዳታ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያስተምራል። ይሁን እንጂ ከዋግ ተራሮች ተነሥቶ እዚያ መድረስ ራሱ አንድ ሕመም ነው። ስለዚህ ወንበሩና ፍራሹ ይቅር የሚል ሰው ከመጣ እኔም ከወዳጄ ጋራ እቃወመዋለሁ።

ነገር ግን የራሳችን የሆነ፣ ሌላ ሰው የማይመራመርልን ሽባነትም አለ። ጓያን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ዝናብ ሲጠፋ፣ ጤፉና ገብሱ ሲደርቅ፣ ጓያ ብቻውን ይበቅላል። ይህ ደግነቱ ነው የሚያታልለው። ለሳምንታትና ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው አንድ ቀን ጧት ሲነሣ ጕልበቱ ይከዳዋል፤ እግሮቹ ደርቀው እንደ መቀስ ይተላለፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ በምርኩዝ ይሄዳል፤ የባሰበትም ይድሃል። በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለ መርዝ ከአንጎል ተነሥተው በሕብለ ሰረሰር የሚወርዱትን ነርቮች ስለሚጎዳ ነው። አጥንት ሳይሰበር፣ ሰው ሳይወድቅ፣ የዚያ ቀፎ ሰቃይ ወንድም ይሆናል። ከሚመቱትም የሚበዙት ለሥራ የደረሱ ወጣቶች ናቸው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት ዞረው ባጠኑትና በ1990 ባወጡት ጥናት ከሺህ ሰው 6 ያህል በዚህ በሽታ ተይዞ መገኘቱን አስታወቁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) ከድርቅ በኋላ በወሎ በደላንታ አካባቢ ብዙ ሰው ተመታ። ይህንንም ያጠኑት ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ከቤልጅግ አገር ሊቃውንት ጋራ ሆነው በ2003 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጓያውን በእሸትነቱ፣ በቆሎነቱና በንፍሮነቱ የሚበላ ሰው ይበልጥ እንደሚጠቃ፣ ከእህል ጋራ ቀላቅሎ ወይም በቅመም በተሠራ ወጥ የሚበላው ግን አደጋው እንደሚቀንስለት አሳዩ። አስተውሉ፤ ይህ ዕውቀት ፋብሪካ አይፈልግም። የሚፈልገው ባለ ደብተርና ባለ እርሳስ ወጣቶችን፣ የመኪና ነዳጅንና አበልን ነበር። ምን ያህል እግር እንዳዳነ ሊቈጠር አይችልም፤ የዳነ እግር ሆስፒታል አይመጣምና። በግብርና ምርምር ጣቢያዎቻችንም መርዙ ያነሰ ዘር ተመርጦ ዋሴ በሚል ስም ወጥቷል።

በአከርካሪ ነቀርሳ የሚመጣውም ሽባነት እንዲሁ ነው። ሳንባን የሚያጠቃው የቲቢ ሕዋስ አንዳንድ ጊዜ የጀርባን አንጓ ይበላል፤ አንጓው ይደረመሳል፤ ጀርባው ይጐብጣል፤ እግርም ይያዛል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ቶሎ የተጀመረለት ሰው ብዙ ጊዜ በእግሩ ይቆማል። ወራት የቆየ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብና ክሳት ያለበት ዘመድ ካላችሁ ለምን እንደሚዘገይ አላውቅላችሁም።

እንግዲህ ለወዳጄ ያቀረብሁለት ሐሳብ ይህ ነው። ለወንበር ከሚያወጣው አሥር ብር አንዱን ለጥናት ይለይ። በመሥሪያ ቤታችን ዕድር እንዳለ ሁሉ፣ በየወሩ ከደመወዛችን ጥቂት እያዋጣን ስለ ጓያ፣ ስለ አከርካሪ ነቀርሳ፣ ከዛፍና ከገደል ስለሚወድቁት ሰዎች አወዳደቅና አነሣሥ ለሚያጠና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአንድ ክረምት አበል መሸፈን እንችላለን። ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል የምንሰበስበውን ያህል እንኳ አያክልም። ወዳጄ የሒሳብ ሰው ነውና ወረቀት አውጥቶ ደመረ፤ ቀነሰ፤ «መዝገቡን እኔ እይዛለሁ» አለኝ። እስከ ዛሬ አሥራ አራት ሰዎች ፈርመናል።

ስለ ወጣቱም ልንገራችሁ። በሆስፒታል ታይቶ ገመዱ ሙሉ በሙሉ መጎዳቱ ተነግሮት ወደ ቀዬው ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት በሰቆጣ ለሚኖረው አጎቱ ስልክ ደውዬ እንዴት እንደ ሰነበተ ጠየቅሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ አገላበጡን ለእኅቱ አሳይታታለች፤ ቁስልም እስካሁን አልወጣበትም አለኝ። በቤታቸው ሰዓት ስለሌለ እኅቱ ጊዜውን የምታውቀው በራዲዮ ነው፤ ዜናው ሲነገር በግራ ጎኑ፣ የሚቀጥለው ዜና ሲነገር በቀኝ ጎኑ ታስተኛዋለች። እኔም፣ «ሌሊት ራዲዮው ሲዘጋስ?» አልሁት። «ሌሊትማ የሚነግራት ስለሌለ፣ እንዳያልፍባት ብላ አትተኛም» አለኝ።